የድሮውን ኦርጋን ቀለሙን ብቻ መለሱልን

«ያን የድሮውን የኦርጋን ድምፅ አምጣልን እስቲ!»

ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ሁሉ ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። ሰርግ ላይ ትመጣለች። ክለብ ውስጥ ትመጣለች። ስቱዲዮ ስንገባ ዘፋኙ ገና ሳይቀመጥ ትመጣለች። የ60ዎቹን ድምፅ የማይፈልግ ሰው የለም። እኔም እፈልገዋለሁ፤ ያደግኩበት ድምፅ ነው። ቆሽቴን የሚያሳርረኝ «ያንን ድምፅ መለስንላችሁ» እየተባለ የሚሸጥልን ዕቃ ነው።

ገበያውን የምትከታተሉ ታዩታላችሁ። አሁን ሁሉም ነገር «ቪንቴጅ»፣ ማለትም የድሮ መልክ ያለው ሆኗል። ጎኑ እንጨት፣ ላዩ ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ እግሩ የሚያብለጨልጭ ብረት። ፎቶው ላይ ሲታይ ልብ ያጠፋል። ቀርባችሁ ስትነኩት ግን ብዙዎቹ ላይ ቁልፉ ለልጅ ጣት የተሠራ ነው። ድሮ በእጅ ይሳብ የነበረው ነገር ሁሉ ስክሪን ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። መልኩ ተመለሰ፤ እጅ የሚሠራው ሥራ ግን አልተመለሰም። ብሶቴ ይሄ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ሎረንስ ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ ያወጣው ኦርጋን ውስጡ ሲከፈት ፋብሪካ ነው የሚመስለው። በሞተር የሚሽከረከሩ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ያለው ትንንሽ የብረት ጎማዎች አሉት። ታዋቂው ቢ3 የሚባለው ሞዴል ላይ 91 ናቸው። ተጫዋቹ ፊት ድሮባር የምንላቸው የሚሳቡ ዘንጎች አሉ፤ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ። አንዱን ስትስበው ድምፁ ይወፍራል፣ ሌላውን ስትገፋው ይሳሳል። ይሄን ሁሉ የምታደርገው እየተጫወትክ ነው። ቁልፉ ሲነካ «ቅጭ» የምትል ድምፅም ነበረች። መሐንዲሶቹ እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊያጠፏት ደከሙ፤ ተጫዋቾቹ ግን ወደዷት። ዛሬ የዲጂታል ኦርጋን ሠሪዎች ያቺኑ ጉድለት አስመስለው ለማውጣት ይለፋሉ።

ቢ3 ግን ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል። ማን ተሸክሞት መድረክ ለመድረክ ይዞራል? ስለዚህ በሚሽከረከር ጎማ ፋንታ በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ የሚያወጡ፣ ቀለል ያሉት የትራንዚስተር ኦርጋኖች መጡ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1962 ቮክስ ኮንቲኔንታልን አወጡ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያኖች ፋርፊሳን አስከተሉ። ፋርፊሳን የሠሩት አኮርዲዮን ሠሪዎች ናቸው። በእኛም በኩል ታሪኩ ይገጥማል፤ የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮን ጀምሮ ነው ወደ ኦርጋን የተሻገረው። ዋልያስ ባንድ የሒልተን ቋሚ ባንድ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «ቸ በለው»ን የሰማ ሰው ኦርጋን በሐበሻ ሙዚቃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስረጂ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኦርጋን ላይ ቁልፉን በኃይል ብትመታውም ቀስ ብለህ ብትነካውም ድምፁ ያው ነው። እንደ ፒያኖ እየሞተ አይሄድም። ጣትህን እስክታነሳ ይጮሃል። ታዲያ ስሜቱ ከየት ይመጣል? ከጣትህ ርግብግብታ ይመጣል። በእግርህ ድምፁን ከፍና ዝቅ ከማድረግ ይመጣል። አንድ ኖታ ይዘህ መሀሉ ላይ ቅላፄውን ከመለወጥ ይመጣል። ትዝታ ስትጫወት ያቺ አንድ ረጅም ኖታ ናት ሰውን የምታስለቅሰው። መሳሪያው ጥቂት ነገር ብቻ ስለሚሰጥህ የቀረውን በእጅህና በእግርህ ታመጣዋለህ።

አሁን የምሠራበትን ኪቦርድ ልንገራችሁ፤ ማን እንደሠራው አልናገርም። «ቪንቴጅ ኦርጋን» የሚል ድምፅ አለው። ድሮባሩ ስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ነው። እሱን ለማግኘት ሜኑ እነካለሁ። ከዚያ ወደ ድምፅ ማስተካከያው እገባለሁ። ከዚያ ገጽ እገለብጣለሁ። ከዚያ በቀስት የምፈልገውን መርጬ ክቧን ቁልፍ አዞራለሁ። ቀኝ እጄ ዜማውን ይዟል፤ ግራ እጄ ስክሪን ላይ ነው፤ ዐይኔ ከዘፋኙ ላይ ተነስቷል። ዘፋኙ አዝማቹን ጨርሶ ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ ገብቷል። እኔ ገና ገጽ እገለብጣለሁ! በድሮው ኦርጋን ይሄ የአንድ ጣት ሥራ ነበር።

«አድማጭ አይለየውም» የሚሉኝ አሉ። ይለያል። ስሙን አይጠራው ይሆናል እንጂ ይለያል። እንዲህ ያለ ኪቦርድ ውስጥ ያለው የተቀዳ ድምፅ ከነንዝረቱ የተቀዳ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይንቀጠቀጣል። ከዘፋኙ ጋር አይተነፍስም። ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ይቀራሉ፤ ከዚያ ባንዱ ነው የሚታማው።

የቁልፉን ነገርማ ተዉት። ደረጃውን የጠበቀ ኪቦርድ ላይ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ 16.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እጃችን ያደገው በዚህ ልክ ነው። ቁልፉ ሲጠብ፣ አንቺሆዬ ላይ ተጣብቀው የሚመጡትን ግማሽ ድምፆች በምን ጣት ልጫወታቸው? ጣቴ ጎረቤቱን ይረግጣል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ ጥሩውንም ልናገር። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሪፌስ ዋይሲ የሚባል ትንሽ ኪቦርድ ዘጠኙን ድሮባር ፊቱ ላይ ደርድሮታል። የአምስት ዓይነት ኦርጋን ድምፅ አለው። በባትሪም ይሠራል። ባትሪ ደግሞ መብራት በሚጠፋበት አገር ቀላል ነገር አይደለም። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አጠገብ ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ በሚነዳበት ዘመን ተሳፋሪ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ሪፌሱ ግን ቁልፉ 37 ነው፤ እሱም ትንንሽ። ኮርግ የተባለው ኪቦርድ ሠሪ ኩባንያ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ቮክስ ኮንቲኔንታልን በ61 እና በ73 ቁልፍ መልሶ አውጥቶታል፤ ቁልፉ ሙሉ ነው። ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው። ግን ባለ 73 ቁልፍ ኪቦርድ በማን ሻንጣ ይመጣል? ዋጋው በዶላር ነው። ከዚያ ላይ ቀረጡ አለ። የአንድ ሌሊት ሥራ የሚከፈለንን የምታውቁ ሒሳቡን ሥሩት።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሌላ ነገር ነው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሙግና በዲኤክስ7 ሲንተሳይዘሮች የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። ዓለም ጉድ አለ። ውጭ አገር ያሉ ወጣቶች የእኛን የድሮ ሙዚቃ በሸክላ እየገዙ ይሰማሉ። ደስ ይላል። የዚያ ዘመን ኦርጋኖች ግን እዚህ እኛ ጋ የት ናቸው?

አንዱን አግኝቼዋለሁ። የምሠራበት ቤት መግቢያው ላይ አለ። ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። እንግዶች እየተደገፉት ሰልፊ ይነሳሉ። ከሱ ጥቂት እርምጃ ርቄ እኔ በስክሪን ሥዕል «የድሮ ድምፅ» አመጣለሁ።

ባለቤቱን ለምኜ አበባውን አንስቼ ሞከርኩት። ተነሳ! ወፍራም፣ ትንሽ ሸካራ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ኤፍ የምትባለው ኖታ ከላይ እስከ ታች የለችም። የሁሉም ኦክታቭ ኤፍ ዝም ብሏል። ይሄ መጥፎ ምልክት አይደለም። የዚያ ዘመን የትራንዚስተር ኦርጋን ለ12ቱ ድምፆች 12 ማመንጫ ነው ያለው። ዝቅ ያሉት ኦክታቮች የሚገኙት የላይኛው ለሁለት እየተካፈለ ነው። አንዷ ማመንጫ ስትሞት ያቺ ኖታ በየቦታው ትሞታለች። የቀሩት 11 ደህና ናቸው። ብየዳ የሚችል፣ የድሮ ሬዲዮ የጠገነ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። የእኔ አዲሱ ኪቦርድ ዋናው ቦርዱ ቢቃጠል «ጣለው» ነው የሚሉኝ።

ለባለቤቱ ይሄን ሁሉ አስረዳሁ። «ልጄ፣ እሱ ለጌጥ ነው፤ አትነካካው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሰዉ በየቀኑ የሚጠይቀኝ ድምፅ እኮ እዚህ ውስጥ ነው» አልኳቸው። ብዙ ከተከራከርን በኋላ፣ የሚችል ሰው ካመጣሁና ወጪውን ከሸፈንኩ እንደሚከፍቱልኝ ቃል ገቡ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የትራንዚስተር ኦርጋን ወይም የድሮ አምፕሊፋየር የሚጠግን ሰው የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ጠጋኞችም ቢሆኑ፣ ክፍለ ሀገርም ቢሆኑ፣ ያሉበት ድረስ እሄዳለሁ። እናንተ የምታውቁት ሆቴል ወይም ክለብ ውስጥም የአበባ ማስቀመጫ የሆነ ኦርጋን ካለ የስሙን ጽሑፍና ጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። መለዋወጫ ልናገኝ የምንችለው ከእርስ በርሳቸው ነው።