ንግድ ያለው ትዳር ሲፈርስ

እኔ በምኖርበት ካሊፎርኒያ የኛ ሰው ፍቺ ላይ ሲደርስ ቀድሞ የሚጨነቀው ለቤቱ ነው። ቤት ግን ቀላሉ ነው። ይገመታል፣ ይሸጣል፣ ወይም አንዱ የሌላውን ድርሻ ከፍሎ ያስቀረዋል። ሰው የሚያደክመው ንግዱ ነው።

ደሞዝተኛ ገቢውን መደበቅ ይከብደዋል። ባለ ንግዱ ግን ለራሱ ደሞዝ የሚቆርጠው ራሱ ነው። መኪናው፣ ስልኩ፣ ነዳጁ በድርጅቱ ወጪ ይያዝና በወረቀት ላይ ምንም የማያገኝ ይመስላል። እዚህ ዳኞቹ በዚህ በቀላሉ አይሸወዱም። ተከራካሪዎቹ የሒሳብ መርማሪ ይቀጥራሉ፤ ካስፈለገ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይሾማል። ለግል ኑሮ የወጣው ተለቅሞ ገቢው ላይ ይደመራል። ለልጆቹና ለትዳር ጓደኛው የሚቆረጠው ቀለብ የሚታሰበው ከዚያ ነው። ንግዱ ከጋብቻ በፊት የተከፈተ ቢሆን እንኳ፣ በትዳሩ ዘመን በባለ ንግዱ ልፋት ያደገው ተለይቶ የጋራ ይሆናል። ያፈራው ስምና ደንበኛ ሳይቀር ዋጋ ይወጣለታል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የጠበቃና የመርማሪ ክፍያ ትንሽ ንግድ ሊበላ ይችላል። ንግዱ በሚያስገባው ገቢ ተገምቶ ግማሹን የከፈለ ሰው፣ ከዚያው ገቢ ላይ እንደገና ቀለብ ሲጠየቅም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በተወሰነ ፍቺ ደግሞ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛው የሚከፍለውን ቀለብ ከፌዴራል ግብሩ ላይ ማስቀነስ አይችልም።

የአገር ቤቱን ሕግ ብዙዎቻችን ሳናነበው እንንቀዋለን። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንዳንድ ነገር ከካሊፎርኒያው ይሻላል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ሕንፃ ኪራይ እዚህ የባለ ሕንፃው ብቻ ነው። በኛ ሕግ ግን ከግል ሀብት የሚገኝ ገቢም የባልና ሚስት ነው። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው።

ጉዱ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። አነስተኛ ነጋዴ ለረጅም ዓመታት ግብሩን በቁርጥ ሲከፍል ስለኖረ መዝገብ የለውም። ንግድ ፈቃዱ በባል ስም፣ የባንክ ሒሳቡ በወንድሙ ስም ነው። ሚስት ሱቁ ውስጥ ቆማ ስትሸጥ ኖራለች፤ ደሞዝ የላትም፣ ስሟም የትም የለም። ጠቡ ሲከር ዕቃው ሌሊት ይጫንና ለክፍፍል ባዶ መደርደሪያ ይቀርባል።

ክሱ እስኪያልቅ ዳኛው ቀለብ ይቆርጥላታል። ከፍቺ በኋላ ግን ልጆቹ ቀለብ ያገኛሉ እንጂ ለእሷ በየወሩ የሚከፈል ነገር ሕጉ አላስቀመጠም። ለፍቺው ጥፋተኛ የሆነው ወገን ካሳ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል፤ እሱም ጥፋቱ ከተረጋገጠ ነው። ልጅ ስታሳድግ፣ ሱቅ ስትጠብቅ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ከየት ትጀምር? ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ክፍተት ሊሞሉት ይገባል።

እኛ ውጭ ያለነውም የራሳችን ጣጣ አለን። እዚህ ሁለቱ የለፉበት ገንዘብ ይላክና አገር ቤት በወንድም ስም ንግድ ይከፈትበታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተፋቺዎች ሀብታቸውን የትም አገር ይሁን ማሳወቅ አለባቸው። በተንኮል የደበቀ፣ የደበቀውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ሱቁ ግን እዚያው ነው፤ የእዚህ ዳኛ እጅ እዚያ በቀላሉ አይደርስም። የዚያችኛዋ ሚስት መከራ እዚህ ላለችውም ይተርፋታል።

አገር ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ የፍቺ ማመልከቻ ስታስገቡ ጠበቃችሁ ከቀለቡ ጋር ስለ ንብረቱ አስተዳደርም ትእዛዝ በዚያው ቀን ይጠይቅ። ሕጉ አንቀጽ 82 ላይ ዳኛው ይህን ወዲያውኑ እንዲሰጥ ያዛል። ያለ ፈቃዳችሁ የተሸጠ የጋራ ቤት ካለ ደግሞ ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቃችሁ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ ከተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ።