ደመናው ሲጠቁር ማይኩ በማን እጅ ነው?

ሰኔ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ካለችው ከዴንቨር ከተማ ወጣ ብሎ በቀያይ ቋጥኞች መሀል በተሠራው ሬድ ሮክስ ቲያትር ኮንሰርት ሊያይ በተቀመጠ ሕዝብ ላይ በረዶ ወረደ። የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ከ80 እስከ 90 የሚሆኑ ሰዎችን እዚያው አከሙ፤ ሰባቱን ሆስፒታል ወሰዱ። አጥንቱ የተሰበረ ነበር፣ ሰውነቱ የተተለተለ ነበር። ቦታው ወደ 9,500 ሰው ይይዛል፤ ከተመልካቹ በላይ ግን ጣሪያ የለም። «መኪናችሁ ውስጥ ተጠለሉ» ተብሎ ነበር። ሬድ ሮክስን የሚያውቅ ሰው ግን ከመቀመጫው እስከ መኪና ማቆሚያው ያለውን ደረጃና ዳገትም ያውቃል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እየተጋፋ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰው መንገድ አይደለም።

በማግስቱ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው፣ እኛ ሐበሾች በምንበዛባት በአውሮራ ሳይቀር ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «የኮሎራዶ የሰኔ ሰማይ ከሰዓት በኋላ እንደሚለዋወጥ የማያውቅ ማን አለ? ትንበያውን ስልክህ ላይ እያየህ ተራራ ላይ ወጥተህ ከተቀመጥክ ኃላፊነቱ የራስህ ነው» ይላል። ሌላው «ገንዘቤን ተቀብሎ በሩን የከፈተልኝ ሰው ራዳሩን ከእኔ ቀድሞ ያያል፤ መጠለያውም ድምፅ ማጉያውም ያለው እሱ እጅ ነው» ብሎ ይመልሳል። ቦታው የዴንቨር ከተማ ንብረት ስለሆነ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። የኮሎራዶ ሕግ የመንግሥት አካልን መክሰስን ያጠብባል፤ ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ሰው በ182 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ ቀን ካለፈ ለክሱ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ሁሉን ነገር አስተካክላለች ለማለት አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. በኢንዲያና ግዛት ዓመታዊ አውደ ርዕይ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ኮንሰርቱ ሊጀመር ሲል ነፋስ የመድረኩን ጣሪያ ገልብጦ ተመልካቹ ላይ ጣለው። 7 ሰዎች ሞቱ፣ 58 ቆሰሉ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት መድረክ ላይ የወጣ ሰው ማዕበል እየመጣ መሆኑንና ካስፈለገ ሕዝቡ የት እንደሚጠለል ተናግሮ፣ ዝግጅቱ ግን እንደሚቀጥል ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በኋላ የተደረገው ምርመራ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ የመድረኩ ብረት ሕጉ የሚጠይቀውን የነፋስ ኃይል የሚችል አልነበረም። ሁለተኛ፣ «ይቁም» የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ በግልጽ አልታወቀም ነበር። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ያንገበግበኛል። ብረት ሊሳሳት ይችላል፤ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ማይኩን ይዞ «ተነሡ» ቢል ግን ብረቱ የሚወድቀው ባዶ ወንበር ላይ ነበር።

ካሳውም ቢሆን ቀላል አልነበረም። የግዛቱ ሕግ ለአንድ አደጋ መንግሥት የሚከፍለውን በ5 ሚሊዮን ዶላር ገድቦ ነበር፤ ለሞቱትም ለቆሰሉትም በጠቅላላ ማለት ነው። ነገሩ ሕዝቡን ስላስቆጣ ምክር ቤቱ ኋላ ላይ 6 ሚሊዮን ጨመረ። የባንዱ ጠበቆች ደግሞ ለፍርድ ቤት ባቀረቡት መልስ ነፋሱ የእግዚአብሔር ሥራ እንደሆነ፣ ተጎጂዎቹም ለገዛ ደኅንነታቸው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዳላደረጉ ተከራከሩ። ልጁን የቀበረ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልቀረም፦ ማን ማቆም ነበረበት የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ተጠይቋል፣ ተመርምሯል፣ ተቀጥቶበታል።

እኛ ጋ ይህ ጥያቄ አይነሣም። በውጭ የምንኖር ሰዎች ወደ አገር የምንገባው የልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ያ ማለት በሐምሌና በነሐሴ፣ በክረምቱ እምብርት። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። የተማሪው ምርቃት በዚሁ ወቅት ነው፣ «ዲያስፖራዎቹ ሳይሄዱ» ተብሎ የሚደገሰው ድግስም በዚሁ ወቅት ነው። ድግሱ ደግሞ ጣና ዳር ካልሆነ ድግስ አይመስልም።

አንድ ክረምት ለእህቴ ልጅ ምርቃት በሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ተሰብስበን ነበር። በብረት ምሰሶ የቆመ ነጭ ድንኳን፣ አንዱ ገመድ በችካል፣ ሌላው በዋርካው ግንድ የታሰረ። ስፒከሮቹ በቢራ ሳጥን ላይ ተደርድረዋል፤ የኤሌክትሪኩ ገመድ እርጥብ ሣር ላይ ተጋድሟል፤ መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠምጥሟል። አሳው ገና ትኩስ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐይቁ ቀለሙን ለወጠ፣ ነፋሱ የጠረጴዛ ጨርቆቹን አነሣቸው፣ ነጎድጓዱ መጣ። መድረክ መሪው ማይኩን አፉ ላይ አድርጎ «ዝናብ በረከት ነው፣ እልል በሉ!» አለ፤ እልልታው ቀለጠ። ግማሹ እንግዳ ከነሳህኑ ዋርካው ሥር ገባ። ቀይ ሻርፕ የደረበችውን ልጅ «መብረቅ ይጠራል፣ አውልቂው» ሲሏት ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ሁለት አስተናጋጆች ድንኳኑ በነፋስ እንዳይነቀል የብረት ምሰሶውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተንጠልጥለውበታል። ከሃያ ዓመት የማይበልጡ ልጆች።

ከድንኳኑ አርባ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ በድንጋይ የተገነባ ሰፊ አዳራሽ አለ። ለባለቤቱ «እባክህ ክፈትልን፣ ሰዉ ይግባ» አልኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ተጨንቆ ነበር የመለሰልኝ። «ጋሼ፣ አዳራሹ ለብቻው ነው የሚከራየው፤ የእናንተ ውል የድንኳን ነው። ደግሞ ቀስ ብሎ ያልፋል።» አጠገቤ የነበሩት አሮጊት አክስታችን ክንዴን ይዘው «ተው ልጄ፣ ከላይ ለመጣ ነገር ምን ይደረጋል» አሉኝ። በዚያ ቀን ማንም አልተጎዳም። ባለቤቱም አክስቴም ትክክል መሆናቸው የተረጋገጠ መሰለ፤ በሳምንቱ እዚያው ድንኳን ሥር ሌላ ቤተሰብ ተቀምጦ ነበር።

አክስቴን የሚያሳስተው እምነታቸው አይደለም። መብረቁን ያወረደው እግዚአብሔር ነው የሚል ሰው የድንኳኑን ገመድ ዛፍ ላይ ያሰረው፣ አዳራሹን የቆለፈው፣ ማይክ ይዞ እልል ያሰኘው ሰው መሆኑን ለማየት እምነቱ አይከለክለውም። ለዚህ ማስረጃዬን ሩቅ አልፈልግም፣ እዚያው ሐይቁ ላይ አለ።

ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያደርሱትን ጀልባ ነጂዎች ጠይቁ። ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ይህን የታንኳ ቀዛፊውም፣ የሞተር ጀልባ ነጂውም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ነጂው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አንወጣም» ወይም «ቶሎ እንመለስ» ካለ የከፈለ ቱሪስት ቢቆጣ፣ ቅዳሴ የሚቸኩል ምእመን ቢለምን ንቅንቅ አይልም። ቢወጣና ጀልባው ቢገለበጥ ደግሞ «ተሳፋሪዎቹ ትንበያ ማየት ነበረባቸው» የሚል ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አይገኝም። ሁሉም ነጂውን ነው የሚጠይቀው፤ ሐይቁን የሚያውቀው፣ መሪውን የያዘው እሱ ነውና። እምነታችን እንዲህ ያለውን ኃላፊነት ከልክሎን አያውቅም። ሐይቁ ላይ በግልጽ የምንቀበለው ሥርዓት ከባሕሩ ወጥተን አሥር እርምጃ ስንራመድ፣ ሣሩ ላይ ስንደርስ፣ ለምን ይጠፋል? መብረቁ ያው መብረቅ ነው፤ የሰዉ ቁጥር እንዲያውም እዚህ ይበልጣል።

ሕጋችንም ቢሆን ከጀልባ ነጂው ጋር ነው የሚስማማው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መብረቅን ስሙን ጠርቶ ያነሣዋል፤ በአንቀጽ 1793 እንደ ምድር መንቀጥቀጥና እንደ ጎርፍ ሁሉ ከአቅም በላይ ሊባሉ ከሚችሉ ነገሮች ጋር ይቆጥረዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ከፊቱ ያለው አንቀጽ 1792 ግን ባለ ግዴታው በተለምዶ አስቀድሞ ሊያስበው ይችል የነበረን ነገር ከአቅም በላይ ብሎ ማምለጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ባሕር ዳር፣ ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ። እነዚህን ሦስት ቃላት አንድ ላይ አስቀምጦ «መብረቅ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» የሚል አዘጋጅ የትኛው ዳኛ ይቀበለዋል? አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል፤ ጥፋት ማለት ደግሞ ማድረግ ብቻ አይደለም፣ ማድረግ ሲገባ ዝም ማለትም ነው። አዳራሹን አለመክፈት፣ ማይኩን ይዞ አለማስጠንቀቅ እዚህ ውስጥ ይገባል።

የግል ኃላፊነትም አልተረሳም። በአንቀጽ 2098 ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው ይቀነሳል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። «አዳራሽ ግቡ» ተብሎ፣ በሩ ተከፍቶለት፣ ሥጋው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ድንኳን ውስጥ የቀረ ሰው የሚጠይቀው ራሱን ነው። በሩ የተቆለፈበት፣ የሚያስጠነቅቀው የሌለ፣ ዛፍ መጠለያ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ላይ ግን የግል ኃላፊነት የሚለውን ቃል መጫን ግፍ ነው። ሬድ ሮክስም ላይ የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ሰውን «ተጠለል» ስትለው የሚደርስበት መጠለያና የሚደርስበት ጊዜ ሰጥተኸው መሆን አለበት።

ማወቅ የሚገባው ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም። መብረቅ ዝናቡን አይጠብቅም፤ ከደመናው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሊወርድ ይችላል፤ ነጎድጓዱ ከተሰማህ ሊደርስህ በሚችልበት ርቀት ላይ ነህ። ዛፍ ሲመታ ኃይሉ ግንዱ ላይ አያበቃም፣ በመሬቱ ይሰራጫል፤ ከአንድ ዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚያልቁት ለዚህ ነው፣ ገበሬው ያውቀዋል። ድንኳን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም። የሚያድነው ግድግዳና ጣሪያው የተሟላ ቤት፣ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው፤ በር ላይ የቆመ ሚኒባስ ከዋርካ ይሻላል፣ ባጃጅ ግን አይሆንም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የልጆች እግር ኳስ ሳይቀር በዚህ ደንብ ይቋረጣል፤ አሠልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ይቆማል፣ ወላጅ አይከራከረውም።

እኛ ጋ የማይቋረጠው ሰው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ማቋረጥ ገንዘብ ስለሚያስከፍል ነው። ደጋሹ ቀብድ ከፍሏል፣ ዲጄው በሰዓት ነው የሚከፈለው፣ ባለ መዝናኛው አዳራሹን በነፃ ከከፈተ ነገ ሁሉም በነፃ ይጠይቀዋል ብሎ ይፈራል። የኮንሰርት አዘጋጅ ሲሆን ደግሞ የትኬቱን ብር መመለስ አለ። «ይቁም» የሚለው ሰው ኪሳራውን ብቻውን የሚሸከም ከሆነ ማንም አይናገርም። ስለዚህ የሚቀድመው ኪሳራውን አስቀድሞ መከፋፈል ነው። የክረምት የድንኳን ውል ላይ «ነጎድጓድ ከተሰማ አዳራሹ ይከፈታል» የሚል አንድ መስመር፣ ዋጋውም ተነጋግሮ የተቆረጠ፣ ቀኑ ከተዛወረ ቀብዱ የሚተላለፍ። ከዚያ ሥር ፕሮግራሙን የሚያቆመው ሰው ስምና ስልክ። ለትልልቅ ኮንሰርቶችም ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ይህንኑ ስም ቢጠይቅ አይከብደውም፤ ትንበያውን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ያወጣዋል፣ የሚያነበውና የሚወስነው ሰው ነው የጠፋው።

ይህን በተለይ ለእናንተ ለውጭ ነዋሪዎቹ እጽፋለሁ። የክረምቱን ድግስ አብዛኛውን ጊዜ የምንከፍለው እኛ ነን። ገንዘቡን ከመላካችን በፊት ስለ ድንኳኑ ስፋት፣ ስለ ዲኮሩ፣ ስለ ቪዲዮ አንሺው በስልክ አንድ ሰዓት እንነጋገራለን። በዚያው ስልክ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ መድረክ መሪው ነጎድጓድ ሲሰማ ምን እንደሚል እንጠይቅ። ያንን ያልመለሰ ባለ መዝናኛ ቀብድ አይላክለት።