ፈጣን ኢንተርኔትና የርቀት ሥራ የከተማ ዳርቻን ያበለጽጋሉን?

ደጋፊ፦ ያበለጽጋሉ። ሁሉም ቢሮ መሀል ከተማ በነበረበት ዘመን ዳርቻው ማደሪያ ብቻ ነበር፤ በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ነዋሪ ምሳውንም ጉዳዩንም የሚጨርሰው ከሥራው አጠገብ ነው። አሁን ሥራው ቤቱ ድረስ ሲመጣ ገንዘቡም ሰፈሩ ውስጥ ይውላል። ተመራማሪዎቹ አርጁን ራማኒና ኒኮላስ ብሉም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን «የዶናት ውጤት» ብለውታል፤ በኮቪድ ወቅት የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች መሀላቸው ሲሳሳ ዙሪያቸው ደምቋል።

ተቃዋሚ፦ ዙሪያው በምን እንደደመቀ ግን እንመልከት። በቤት ፍላጎት ነው! የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ጆን ሞንድራጎንና ዮሐንስ ዊላንድ እንዳሰሉት፣ ከ2019 መጨረሻ እስከ 2021 መጨረሻ የአሜሪካ የቤት ዋጋ 24 በመቶ ገደማ ሲያሻቅብ ከግማሽ የሚበልጠውን ያመጣው የርቀት ሥራ ነው። ባለቤቱ ሀብቱ ጨመረለት እንበል፤ ተከራዩስ? ፀጉር አስተካካይዋ፣ ሞግዚቷ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሥራቸውን ቤታቸው ወስደው መሥራት አይችሉም። የመሀል ከተማ ደመወዝ ይዞ ከመጣ ጎረቤት ጋር ግን ለአንድ ቤት ይጫረታሉ። ዳርቻውን ኑሮ ያሰኙት እነሱ ሆነው፣ ተገፍተው የሚወጡትም እነሱ ናቸው። ይህ ያንገበግበኛል።

ደጋፊ፦ እኔንም። ጥፋቱ ግን የቤት እጥረቱ ነው፤ የኢንተርኔት መስመሩን ለምን እንከሳለን? ደግሞ መስመሩ የሚጠቅመው ተቀጣሪውን ብቻ አይደለም። የቆየው የስልክ ሽቦ ለመቀበል እንጂ ለመላክ ደካማ ነው፤ ከቤቱ ፊልም የሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ደግሞ ትልልቅ ፋይል መላክ አለበት። ለዚህ ነው የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2024 የብሮድባንድን (የፈጣን ኢንተርኔትን) መለኪያ ለመቀበያ 100፣ ለመላኪያ 20 ሜጋቢት በሰከንድ አድርጎ ከፍ ያደረገው። በአሜሪካዋ የቻተኑጋ ከተማ የከተማው የመብራት ድርጅት በ2010 በሰከንድ አንድ ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) የሚያደርስ ፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ፣ ሲያቀርብ የከተማውን ዳር አልተወም፤ ደንበኞቹን ሁሉ አዳርሷል።

ተቃዋሚ፦ የሚልክ መስመር ገንዘብም ይልካል። ነዋሪው ቤቱ ስለዋለ ብቻ ከሰፈሩ ሱቅ አይገዛም፤ በዚያው መስመር ከሩቅ መጋዘን ያዛል። ብዙ መሥሪያ ቤትም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቢሮ ግቡ ይላል፤ በነዚያ ቀናት የሰፈሩ ምሳ ቤት ባዶውን ይውላል፣ ኪራዩ ግን የወር ነው።

ደጋፊ፦ ስለዚህ ፋይበር ይቅር?

ተቃዋሚ፦ አልወጣኝም። መሬቱ ሲቆፈር የኪራይ ቤት መሠረትም አብሮ ይቆፈር ነው የምለው።

ደጋፊ፦ በዚህስ አልሟገትዎትም። እኔ ግን ቤቱ እስኪያልቅ ገመዱን አላስጠብቅም።