ቪዮሌት ለዱክን ያነበቧት ሰዎች

ስለ ፓሪስ ደራሲዎች ወሬ ሲነሳ መጨረሻው ሁሌም ያው ነው። ሳርትር፣ ሲሞን ደ ቦቯር፣ ካሙ፣ ካፌ ደ ፍሎር፣ የሲጋራው ጭስ። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት እዚያው ካፌ ውስጥ ቦቯርን ለማግኘት ስትመላለስ ስለነበረች ሴት ነው። ቪዮሌት ለዱክ ትባላለች። የጻፈችው የራሷን ሕይወት ነው፤ ከዚያ ውጪ ብዙም አልጻፈችም ማለት ይቻላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

እሷን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ደራሲ የሚወለደው በተሰጥኦ ነው እንላለን። የለዱክን ታሪክ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን መጽሐፎቿ የተገኙት በጣም ተራ በሆነ ነገር ነው። አንድ ሰው «ሂጂና ጻፊው» አላት። አንዷ ደግሞ ቁጭ ብላ አነበበችላት፣ የወር ቀለቧንም ቻለችላት። ይህ ባይሆን ኖሮ ለዱክ የምትባል ጸሐፊ አትኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1907 ነው የተወለደችው፣ አራስ በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ። እናቷ በርት ቫለንሲየን ውስጥ በአንድ የሀብታም ቤት ገረድ ነበረች። አባቷ የዚያው ቤት ልጅ ነው። ልጄ ናት ብሎ አልተቀበላትም። በርት ልክሰሰው ብትል እንኳ አትችልም፤ ከናፖሊዮን ዘመን ጀምሮ የፈረንሳይ ሕግ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ አባቱን በፍርድ ቤት እንዳይፈልግ ይከለክል ነበር። ክልከላው የላላው በ1912 ነው፣ ቪዮሌት አምስት ዓመት ሲሆናት። እንዲህ ያሉ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር በመሠረቱ እኩል መብት ያገኙት ደግሞ በጃንዋሪ 1972 በወጣው ሕግ ነው። እሷ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሞተች። ዕድሜዋን ሙሉ ሕጉም ሰውም አንድ ስም ሰጥቷት ነው የኖረችው ማለት ነው።

ያን ስም በኋላ የመጽሐፏ ርዕስ አደረገችው። በአማርኛ «ዲቃላዋ» ብዬ ነው የምመልሰው። አንዳንዱ ሰው ይከብዳል፣ ለስለስ ይበል ይል ይሆናል። እኔ አልስማማም። እሷ ራሷ ያላለሰለሰችውን እኛ ምን ብለን ነው የምናለሰልሰው? «የማን ልጅ ነሽ?» ተብሎ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ቃሉ ምን ያህል እንደሚያቆስል ያውቃል። ቃሉ ማቁሰል አለበት።

የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1946 ሲወጣ የሚጀምረው እናቷ እጇን ይዛት እንደማታውቅ በመናገር ነው። ወዲያው የሚከተለው ነገር ነው እኔን ያስቀረኝ። እናትየዋ ልጇን ከእግረኛ መንገዱ ስታወጣትና ስታወርድ ልብሷን ብብቷ አካባቢ ቆንጠጥ አድርጋ ነው የምታነሳት። እጅ ለእጅ የለም። ጨርቁን ብቻ። ይህን ያህል ነው የነገረችን፣ ግን እኔ በዚያች ቁንጥጫ ውስጥ የሴትየዋ እፍረትም የልጅቷም ብርድ ይታየኛል። የምታቅፋት አያቷ ፊዴሊን ነበሩ፤ እሳቸውም ገና በልጅነቷ ሞቱባት።

ትምህርት ቤቱንና የፓሪሱን የመጀመሪያ ዓመታት በአጭሩ ልለፈው። አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፣ እዚያ ከአንዲት ተማሪ፣ ቀጥሎም ከአንዲት አስተማሪ ጋር ፍቅር ያዛት፣ ነገሩ ወሬ ሆነ፣ ከዚያ ፓሪስ መጣች። ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። አገባች፣ ትዳሩ ግን ብዙም አልቆየም። በአፍንጫዋ ታፍር ነበር፣ መስታወት ፊት መቆም ትጠላለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከሞሪስ ሳክስ ጋር ኖርማንዲ ውስጥ አንሰን የምትባል የገጠር መንደር ገባች።

ሳክስ ጸሐፊ ነው፣ አጭበርባሪም ነው። መልካም ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። በኋላ ጀርመን ሄዶ ለናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ለጌስታፖ ወሬ አቀባይ ሆነ፣ በ1945 ተገደለ። ግን በ1942 አንሰን ውስጥ አንድ ነገር አደረገ። ለዱክ ቀን ከሌት ስለ ልጅነቷ ታለቅሳለች፣ እናቴ እንዲህ አደረገችኝ፣ አያቴ ሞቱብኝ። አንድ ቀን ሰለቸው። ዛሬ ከሰዓት ዘንቢልሽን፣ ብዕርሽንና ደብተርሽን ይዘሽ ፖም ዛፍ ሥር ተቀመጪ፣ ለእኔ የምትነግሪኝን ጻፊው አላት። ሄደች። ተቀመጠች። ጻፈች።

እዚህ ጋ ሁሌም ቆም እላለሁ። «አይዞሽ» አላላትም፣ «ይለፍሻል» አላላትም። ሐዘኗን ሥራ አደረገላት። 35 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ሳክስ ሄደ፣ እሷ መንደሩ ቀረች። ጠዋት ትጽፋለች፣ በሌላው ጊዜ ከገበሬ ቅቤና ሥጋ ገዝታ በሻንጣ ጠቅጥቃ በባቡር ፓሪስ ትወስዳለች፣ በድብቅ ትሸጣለች። ጥቁር ገበያ ነው። ሻንጣው ከባድ ነው፣ ፖሊስ አለ። ይህንንም ሳትደብቅ ጽፋዋለች፣ ገንዘቡ ደስ እንዳሰኛት ጭምር። እኔ እንዲህ ያለውን ሐቀኝነት አከብራለሁ፤ ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ገጽ ዘሎ ነው የሚያልፈው።

በ1945 መጀመሪያ ላይ ጽሑፏን ለሲሞን ደ ቦቯር ሰጠቻት። ቦቯር አነበበችው፣ ከዚያም ወደ አልበር ካሙ ወሰደችው፣ እሱም ጋሊማር ማተሚያ ቤት በሚመራው ተከታታይ ውስጥ በሚቀጥለው ዓመት አወጣው። ለዱክ ከቦቯር ፍቅር ያዛት። ቦቯር አይሆንም አለች፣ በግልጽ። ቀጥሎ የሆነው ግን ያስደንቀኛል። ለዱክ በ1948 ባወጣችው ሁለተኛ መጽሐፍ የጻፈችው ስለዚሁ ስለማይሆነው ፍቅር ነው፣ ቦቯርን በስሟ ሳትጠራ «ማዳም» እያለች። ቦቯርም ያንን ራሱን አነበበችላት! ስለ ራስሽ የተጻፈ የፍቅር ስቃይ ተቀብለሽ ይህ ዓረፍተ ነገር ይቆይ፣ ይህ ይውጣ ማለት ቀላል አይደለም።

በቋሚነት ይገናኙ ነበር፣ ለዓመታት። ደብተሩ ይመጣል፣ ይነበባል፣ አስተያየት ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይያዛል። ቦቯር ገንዘብም ትሰጣት ነበር፤ በየወሩ፣ ግን በማተሚያ ቤቱ በኩል፣ የማተሚያ ቤቱ ክፍያ መስሎ። የምጽዋት እጅ ሳይታይ። ቦቯርንም ቅድስት ላደርጋት አልፈልግም። ለአሜሪካዊው ወዳጇ ለኔልሰን ኦልግረን በምትጽፈው ደብዳቤ ለዱክን የምትጠራት «አስቀያሚዋ ሴት» እያለች ነው። ሳነበው ከፍቶኛል። ግን ቅር እያላት፣ እየደከማት፣ ማንበቧን አላቆመችም። እኔ ወዳጆቼ የሰጡኝን ረቂቅ በቅጡ ሳላነብ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ያልኩባቸው ጊዜያት አሉ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

በዙሪያዋ የነበሩትንም ሰዎች ብታዩ ይገርማል። ደራሲው ዣን ዠኔ እናቱ ትታው በመንግሥት ማሳደጊያ ሥር ያደገ ነው። ዣክ ጌራን ሽቶ አምራች ሀብታም ነው፣ የደራሲዎችን የእጅ ጽሑፍ ይሰበስባል፣ እሷንም በገንዘብ ደግፏል፤ እሱም ወላጆቹ ሳይጋቡ የተወለደ ነው። አባት የሌላቸው ሰዎች ተፈላልገው የተገናኙ ይመስላል። ግን ጠብም ነበረ፣ መቀያየምም ነበረ። ለዱክ ከሰው ጋር መኖር አይሆንላትም፤ ትጠራጠራለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጣበቃለች። ይህንንም ጻፈችው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በ1954 ሦስተኛ መጽሐፏን ለጋሊማር ሰጠች። መግቢያው ወደ 150 ገጽ የሚጠጋ ነው፣ ሁለት ሴት ተማሪዎች በአዳሪ ትምህርት ቤት ስለተዋደዱበት ሦስት ቀንና ሌሊት። ይህን ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶባታል። የማተሚያ ቤቱ አንባቢ ኮሚቴ አይወጣም አለ። መጽሐፉ በ1955 ይህ መግቢያ ተቆርጦ ወጣ። ልብ በሉ፣ ያው ማተሚያ ቤት የዠኔን ሥራዎች ከ1951 ጀምሮ ሰብስቦ ሲያሳትም ነበር፣ ትንሽ ተከርክመውም ቢሆን። ወንድ ስለ ወንድ ሲጽፍ ሥነ ጽሑፍ ሆነ፣ ሴት ስለ ሴት ስትጽፍ ነውር ሆነ። በዚያው በ1954 ደግሞ ቦቯር እዚያው ጋሊማር ባወጣው ልብ ወለዷ ትልቁን የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ጎንኩርን፣ አሸንፋለች። ስሟ ከፍ ያለበት ሰዓት ነበር። ለለዱክ ተከራክራለች፣ አልተሳካላትም። እኔ ግን ከዚያ በላይ መሄድ ይቻል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እሷም፣ ሳርትርም፣ ሌሎቹም። በደብተር ላይ የተደረገው ድካም በማተሚያ ቤቱ በር ላይ አልተደገመም።

ለዱክ ተሰበረች። ታመመች፣ ሰው ያሳድደኛል ማለት ጀመረች፣ ሕክምና ገባች። የሕክምናውን ወጪ ቦቯር ከፈለች። የተቆረጠው ክፍል በ1966 በከፊል ወጣ፤ ሙሉው የታተመው በ2000 ነው፣ እሷ ከሞተች ከ28 ዓመት በኋላ። የወደደ ሰው ገጹን ሙሉ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፣ አሁን። ጸሐፊዋ ግን አላየችውም።

ተሰብራ ግን አልቀረችም። ወደ ልጅነቷ ተመለሰች፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፈችው፣ በ1964 «ዲቃላዋ» ወጣ። ቦቯር ረጅም መቅድም ጻፈችለት። 57 ዓመቷ ነበር። ለጎንኩር ታጨ፣ አላገኘም፣ ግን ሕዝቡ በአሥር ሺዎች ገዛው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቃት ትንሽ ክበብ ብቻ ነበር፤ ዝናን ያየችው ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ነው። በገንዘቡ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ፎኮን የምትባል መንደር ቤት ገዛች። እዚያም ብዙ ጊዜ ውጭ ነበር የምትጽፈው፣ ዛፍና ድንጋይ መሐል፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልክ ኖርማንዲ እንደጀመረችው።

በ1972 በጡት ካንሰር ስትሞት የሕይወት ታሪኳ ሦስተኛ ክፍል ገና አልታተመም ነበር። ወረቀቱ ለቦቯር ቀረ። ቦቯር ያኔ 64 ዓመቷ ነው። ተቀምጣ አነበበችው፣ አዘጋጀችው፣ በ1973 አወጣችው። በዚህኛው ጊዜ ካፌ ውስጥ አስተያየት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።