ለቲማቲም ቀባሪዎች የቀረበ ምስጋና

ምግብ ማብሰልን እዚህ ደረጃ ያደረሱትን ሰዎች ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ነው። ስለ ቀላል የቤት ምግብ እንደነሱ የሚያወራ የለም። ወቅቱን የጠበቀ፣ ከቅርብ ማሳ የተቀጠፈ፣ ብዙ ያልተነካካ ሲሉ ምራቅ ያስውጣሉ። ምድጃ አጠገብ ግን ድርሽ አይሉም። እስከ ዛሬ አንድም ነገር አሳርረው የማያውቁት ለዚህ ነው።

ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ ወዳጄ ነው። ስልኩ ላይ 412 የምግብ አሠራር ቪዲዮ አስቀምጧል። «5 ነገር ብቻ» ብሎ ጀምሮ፣ ዘይቱ፣ ጨውና ቅመሙ አይቆጠርም እየተባለ 14 የሚገባው ዓይነት ሳይቀር አለው። ማታ ጋደም ሲል አንድ በአንድ ያልፋቸዋል፤ ከብቱን በረት ሲያስገባ እንደሚቆጥር አርቢ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ስልክ ከመፈጠሩ በፊት ነው። የወዳጄ ላም ስትታለብ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ለስለስ ያለ ሙዚቃም አላት። ሲያይ ያመሻል፣ ይርበዋል፣ ያዛል። ከመጣለት ሳጥን በአንድ እጁ እየበላ በሌላው «ከቤት ምግብ የሚበልጥ የለም» ለሚል ቪዲዮ ልብ ይልካል።

ገበያ አይወጣም እንዳልባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣል። ሲመርጥ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ቅርፁ ወልገድ ያለ፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ የቀረ፣ ትንሽ ጠባሳ ያለበት ቲማቲም እጁ አይነካውም። ሁሉም እኩል ቀይ፣ እኩል ድቡልቡል፣ በአንድ ቀን የተወለዱ መንትዮች መምሰል አለባቸው። በዚህ ብቻውን እንዳልሆነ ልመስክርለት። አዳቃዮች የገዢውን ዐይን አውቀው ለ70 ዓመታት ያህል ወጥ ቀለም ይዞ የሚበስል ቲማቲም ሲመርጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ነገሩን እስከ ጂኑ ድረስ ሲፈትሹት፣ ያንን ወጥ ቀለም ያመጣው ለውጥ ፍሬው ራሱ ስኳር የሚሠራበትን አረንጓዴ ክፍል አዳክሞት ተገኘ። አንገቱ ላይ የምትታየው አረንጓዴ፣ ወዳጄ እንደ ነውር የሚያያት፣ ለካ ለጣፋጭነቱ ትሠራ ኖሯል። ይህን ስነግረው ቅንጣት አልደነገጠም። ለምን ይደነግጣል? የሚገዛው ሊበላው አይደለም።

ወቅቱ አይደለም ብላችሁም አታስጨንቁት። ከሩቅ የሚመጣ ቲማቲም ብዙ ጊዜ ገና አረንጓዴ፣ ገና ድንጋይ ሳለ ይለቀማል። ሳይፈርጥ ይጓዝና መድረሻው ላይ ኤቲሊን በሚነፋበት ክፍል ይቀላል። ኤቲሊን ፍሬው በስሎ ሲመጣ ራሱም የሚያወጣው ጋዝ ነውና ቀለሙን አይነፍገውም። ተክሉ ላይ ቆይቶ ሊያጠራቅመው የነበረውን ጣዕም ግን ከየት ያምጣለት? «ዓመቱን ሙሉ ትኩስ ነው የምገዛው» ይላል ወዳጄ ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው፤ ይገዛል።

ቤት ሲደርስ ሁሉም ማቀዝቀዣ ይገባል። ቲማቲም ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለቀናት ሲከርም መዓዛ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ይመናመናሉ። ከመጀመሪያውም ያልነበረውን ጣዕም እንዳያመልጥ በር ዘግቶ መጠበቅ የወዳጄ ግኝት ነው።

ባለፈው እናቱ ሊጠይቁት መጡ፤ እኔም ነበርኩ። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ከታችኛው መሳቢያ አንድ ፌስታል አነሡ። ውስጡ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ይንቦጫረቃል።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጎመን ነበር እማዬ።»

«ነበር ማለትህ ደግ ነው» አሉና ካሮት ሳቡ። ካሮቷ ጫፍና ጫፏ እስኪገናኝ ተጣጠፈች፤ አልተሰበረችም። ከካሮት ይህን ያህል ትዕግሥት ጠብቄ አላውቅም።

ወዳጄን ለብቻው ማመስገን ደግሞ አድልዎ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ 60 ከመቶው የወጣው ከየመኖሪያ ቤቱ ነው። ምግብ ቤቱና ሱቁ ተደምረው ቤትን አልደረሱበትም። ሰው እቤቱ ምንም አይሠራም የሚል ካለ ሐሰቱን ነው።

እናቱ ቢላዋ ጠየቁ። ቢላዋው ከነሳጥኑ ወጣ፤ እንደ ቀለበት በከፈይ ላይ ተኝቷል። ድስቱም መጣ፤ ቂጡ ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ሁለት ድንች ላጡ፤ ድንች ደግነቱ ከወዳጄ ጋር መኖር ይችላል። ከዚያ ከዘንቢላቸው የአተር እሸት አወጡና መፈልፈል ጀመሩ። «ጠዋት የተለቀመ ነው፤ ሳያድር ነው የሚበላው» አሉ። አተር ከተለቀመ በኋላ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ጣፋጭነቱ እንደሚቀንስ ያስተማራቸው የለም። ቀምሰው ነው የደረሱበት፤ ኋላ ቀር መንገድ ነው።

ሽንኩርቱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ጊዜ ፈጁ። የወዳጄ ቪዲዮዎች ሽንኩርት በ5 ደቂቃ ተቁላልቶ ይጠይማል ይላሉ። እሳቸው አላዩአቸውምና እሳቱን ቀንሰው፣ እያማሰሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሙ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ላበው፣ ቀጥሎ ለሰለሰ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠየመ፤ ቤቱ በመዓዛው ተሞላ። ወዳጄ እስከ ዛሬ በዚያ የ5 ደቂቃ ውሸት ተበሳጭቶ አያውቅም። የሚበሳጨው የሞከረ ሰው ነው።

ድንቹና አተሩ ሽንኩርቱ ላይ ገብቶ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ትንሽ ውሃ ጠጥቶ በሰለ። ሌላ ነገር የለውም። ሳህን ላይ ሲወጣ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ማንኪያዬን ላነሣ ስል፦

«ቆይ! እንዳትነኩት!»

መብራት አጠፋ፣ መጋረጃ ገለጠ፣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ ወንበር ላይ ወጣ። ሲመቻች እንፋሎቱ አለቀ። «እማዬ፣ እስቲ አንዴ ቅመሺና እንደገረመሽ ሁኚ» አላቸው።

«የገረመኝስ ሌላ ነው» አሉ።

እኔና እሳቸው በላነው። ቀዝቅዞም ግሩም ነበር። ወዳጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቪዲዮውን ቆርጦ ቀጥሎ፣ ሙዚቃ አስገብቶ፣ «የእናት እጅ፣ የወቅቱ እሸት» የሚል ጽፎበት 413ኛ አድርጎ አስቀመጠው። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«እማዬ፣ በእናትሽ ክፈቺልኝ» አለ ቀና ሳይል፣ «ያዘዝኩት ምግብ ደርሶ ነው።»