ባሕር ዳር ለሁለት ሌሊት? ስለ ቁርሱ አትጠይቁ

ባሕር ዳር ለሁለት ሌሊት የሚሄድ ሰው ሆቴል ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ይገርመኛል። «ቁርስን ጨምሮ ነው?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ይሉታል። ቁርሱ የሚቀርበው ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ጣና ላይ የሚወጣ ሰው በዚያ ሰዓት ጀልባ ውስጥ ነው መሆን ያለበት። ታዲያ የማንን ቁርስ ነው የከፈለው?

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ የሦስት ሆቴሎች ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ዓርብ ማታ ገብቶ እሑድ ሊመለስ ነው፤ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር። «አንተ የጎጃም ሰው ነህ፣ የትኛውን ልያዝ?» ይላል። ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየሁ። ሦስት አልጋ፣ ሦስት ነጭ አንሶላ፣ አንዱ ላይ ፎጣው በወፍ ቅርጽ ተጣጥፏል። የት የት እንዳሉ ግን ከፎቶው አይታወቅም።

«መሐል ከተማው ላይ ካለው ጊዮርጊስ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» አልሁት።

«ኧረ እሱን አልጠየቅሁም። ባጃጅ አለ አይደል እንዴ?»

አልፈርድበትም። እኔም እንዲሁ ብዬ ተቀጥቻለሁ።

ጥቅምት 2015 እናቴን ከደብረ ማርቆስ ይዤ መጣሁ። ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ያለችውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ሳልሳለም እንዳልሞት እያለች ስታስጨንቀኝ ዓመታት አልፈዋል። ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ አንድ አዲስ ሕንፃ አገኘሁ። ክፍሉ ኳስ ያጫውታል። መታጠቢያ ቤቱ ያብረቀርቃል። መሐል ካሉት ደግሞ በሌሊት 400 ብር ይቀንሳል። በሁለት ሌሊት 800 ብር አተረፍሁ ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ ባጃጁ መጣ። «ወደዚያ ኮንትራት ነው፤ 150» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሲመለስ ሰው አያገኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ስንወጣ ስንገባ ስድስት ጊዜ ኮንትራት ያዝን። 900 ብር። ያተረፍሁት 800ና ከላዩ 100 ብር ሄደ ማለት ነው። ይሄም ባልከፋ።

የከፋው ጠዋቱ ነው። 12 ሰዓት ላይ ልብሳችንን ለብሰን በሩ ላይ ቆምን። አንድም ባጃጅ የለም። ዘበኛው ጋቢውን እንደተከናነበ እስከ አስፋልቱ ሮጦ ፈለገልን። ጀልባው ጋ ስንደርስ 2 ሰዓት አልፏል። በሰው ሒሳብ እየተከፈለ የሚሄደው ጀልባ ተነሥቷል። ሌላ እስኪሞላ ጠበቅን፤ 4 ሰዓት ላይ ወጣን። ጣና ጠዋት እንደ ዘይት የረጋ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፣ ውኃው መዝለል ይጀምራል። ስንመለስ እናቴ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር። «ማዘር፣ አይዞዎት፣ ትንሽ ነፋስ ናት» ይላታል የጀልባው ልጅ። አልመለሰችለትም። እመቤታችንን ነበር የምታናግረው።

ጢስ ዓባይ ለመሄድ ሰዓት አልተረፈንም። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፏፏቴው ዘንድ ለመድረስም በእግር የሚኬድ አለው። ፏፏቴው ደግሞ የሚታየው ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። በጋው ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፤ ለኃይል ማመንጫም ይጠለፋል። እኛ በትክክለኛው ወር መጥተን፣ በተሳሳተ ሰፈር በማደራችን ሳናየው ተመለስን።

እኔ የምለው ይህንን ነው። ለአጭር ጉዞ አልጋ ሲመረጥ መታሰብ ያለበት የክፍሉ ዋጋ ሳይሆን የቅዳሜዋ ሰዓት ነው። የወዳጄን ጉዞ እንቁጠረው። ከአዲስ አበባ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር ለመግባት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። የዓባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሩበት። ዓርብ ሙሉውን መንገድ በላው ማለት ነው። እሑድ በማለዳ ይነሣል። የቀረው አንድ ቅዳሜ ነው፤ ብርሃን ያለው 12 ሰዓት። ለዚያች ለአንዲት ቀን ነው ይህ ሁሉ መንገድ፣ ይህ ሁሉ ነዳጅ። ከዚያች ላይ ለባጃጅ ጥበቃ አንድ ሰዓት፣ ለምሳ መልስ ሌላ አንድ ሰዓት መቁረጥ ያስቆጫል።

ባሕር ዳር ደግሞ ለእግረኛ የተሠራች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ መንገዷ ዘንባባ ለብሷል። ሐይቁ፣ ጊዮርጊስ፣ የጀልባ መነሻዎቹ፣ ዓሣ ለብለብ የሚበላባቸው ቤቶች፣ ሁሉም መሐሉ ላይ ተሰብስበዋል። ማታ በሐይቁ ዳር ስትሄዱ ዓሣ አጥማጁ የደንገል ታንኳውን እየቀዘፈ ሲገባ ታያላችሁ። ይህን የሚያይ በእግሩ የወጣ ነው። ባጃጅ ኮንትራት የያዘ ሰው ሹፌሩ ይጠብቀኛል እያለ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። አልጋው ቅርብ የሆነ ሰው ገባ ብሎ ጋደም ይላል፤ ልጆች ይዞ ለወጣ ሰው ይህ ብቻውን ከ400 ብር ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ክልሉ ባለፈበት ሁኔታ የሰዓት ገደብ የወጣባቸው፣ ባጃጅ በጊዜ የሚገባባቸው ወቅቶች ነበሩ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ። ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ጠይቁ። ምሽት ላይ በእግር መግባት የሚቻልበት ቦታ ያደረ ሰው እራቱን ሳይጣደፍ ይበላል።

መኪና ያለው ሰው «ማቆሚያስ?» ይለኛል። ልክ ነው፤ መሐል ላይ ግቢ ያለው ቤት ውድ ነው። ወዳጄም መኪና ይዟል። ግን አንድ ቅዳሜ ከሆነ መኪናው ለጢስ ዓባይ እንጂ ለከተማው አያስፈልግም። ሐይቁ ዳር ያሉት ሪዞርቶችስ? ለጫጉላ አሪፍ ናቸው። ከግቢ ሳይወጣ ሐይቁን እያየ ሊውል ለመጣ ሰው ምንም አልልም። ከተማ ሊያይ ለመጣ ሰው ግን ለማይቀመጥበት በረንዳ መክፈል ነው።

ጸጥታ ፈልጎ ዳር የሚይዝም አለ። ይህኛው ክርክር ክብደት አለው። በጥር 2015፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እናቴንና የወንድሜን ልጅ ይዤ ተመልሼ ነበር። ያኔ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ አሮጌ ሆቴል ያዝሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። እናቴ አማተበችና ነጠላዋን ፈለገች። ልጁ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ደፋ። እዚያው ሕንፃ ሥር ደግሞ እስከ 7 ሰዓት ድረስ ሙዚቃ ነበር። በመካከል የተኛነው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። መድኃኒቱ ዳር መውጣት ሳይሆን የኋላ ክፍል መጠየቅ ነበር፤ አልጠየቅሁም። «ክፍሉ ወደ የት ነው የሚያየው?» ማለትን የተማርሁት ያን ሌሊት ነው።

ስልክ ስትደውሉ ሌላም የምትጠይቁት አለ። ውኃ ሲጠፋ ሮቶ አላቸው ወይ? መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይነሣል ወይስ «ተበላሽቷል» ነው? ከሁሉ በላይ አጎበር። ፏፏቴው የሚያምርበት ወቅት የወባም ወቅት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር ትንኟ ትፈላለች። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ሐይቁ ሥራውን ይሠራል። አጎበሩ ካለ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። እኔ አንዱን በሻሽ ቋጥሬ አድሬያለሁ።

ለወዳጄ አንድ ነገር ደግሜ ጻፍሁለት፤ ባለቤቱ አብራው ስላለች። የጣናው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም። ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ከሚሰሙት አሁን ይወቁት። ጣና ላይ 37 ደሴት አለ ይባላል፤ በአንድ ጠዋት ሁሉንም እናዳርሳለን ብላችሁ ከጀልባ ነጂ ጋር አትሟገቱ። ዘጌ ለመድረስ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ወርዳችሁም በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ትሄዳላችሁ።

ይህ ሒሳብ ለሌላው ጎጃም በሙሉ አይሠራም። እንጅባራ ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል የሚሄድ ሰው ቦታ ሊመርጥ ቀርቶ አልጋ ካገኘ ይመስገን፤ ብርድ ስላለም ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይጠይቅ። ደብረ ማርቆስ ለአንድ ሌሊት የሚያድር መንገደኛ ከሆነና በሌሊት የሚነሣ ከሆነ መናኸሪያው አጠገብ ይተኛ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ሊያይ ከመጣ ግን ሌላ ነው፤ እንደ አገሬ ሰው ሁለት ቀን ቆይ እለዋለሁ፣ አይሰማኝም እንጂ።

ወደዚያ የጥር ጠዋት ልመለስ። እናቴ ኪዳን አድርሳ በእግሯ ተመለሰች። 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ጀልባ ነጂው ደውሎ «መጣችሁ?» ይላል። መነሻው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ደብረ ማርያም ደሴት ደርሰን ልንመለስ ነው፤ ቅርብ ናት። በምግብ ቤቱ በኩል ስናልፍ አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሳህን ትደረድራለች።

«የዚህ ቤት ቁርስስ?» አለች እናቴ።

«ገና አልደረሰም እማዬ። ትተነው ነው የምንሄደው።»

«ከፍለንበት?»

ልጅቷን ጠጋ ብላ በጆሮዋ የሆነ ነገር አለቻት። ልጅቷ ሳቀች። ጀልባው ላይ ስንወጣ እናቴ ከነጠላዋ ሥር ፌስታል አወጣች። አራት ዳቦና ሦስት የተቀቀለ እንቁላል።