ማስተካከያ፦ ጫጩት የሚሆነው አስኳሉ አይደለም

በሱሉልታና በሰበታ አካባቢ ለሚገኙ ዶሮ አርቢዎች ቀደም ሲል በተሰራጨው ማብራሪያ፣ አስኳሉ ቀስ በቀስ ወደ ጫጩት እንደሚለወጥና እድገቱም እንቁላሉ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ሲገባ እንደሚጀምር ተገልጿል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

አስኳሉ ስንቅ ነው። ሽሉ በአስኳሉ ላይ የምትታየው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ነጣ ያለች ክብ ነጥብ ናት። እንቁላሉ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ስለሚቆይ፣ ሲጣል ሽሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ህዋሳት አሉት።

በ37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ነጥቧ ላይ ቀጭን መስመር ይወጣል። ህዋሳት በዚሁ መስመር ወደ ውስጥ እየገቡ ሦስት ንብርብር ይሠራሉ። ከላይኛው ቆዳና ነርቭ፣ ከመካከለኛው ጡንቻ፣ አጥንት፣ ልብና ደም፣ ከታችኛው የአንጀትና የሳንባ የውስጥ ሽፋን ይወጣል። የሁሉም ዘረመል አንድ ነው፤ የትኛው ክፍሉ እንደሚሠራ የሚወስነው ህዋሱ ያለበት ቦታና ከጎረቤቶቹ የሚደርሰው ኬሚካላዊ መልእክት ነው። ልብ በሁለተኛው ቀን መምታት ይጀምራል።

ስለዚህ እንቁላሉ ማሽን ከመግባቱ በፊት የሚቀመጥበት ሁኔታ ወሳኝ ነው፦ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ቢበዛ ለ7 ቀን። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀን ከ21 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የህዋሳቱ ክፍፍል ይቀጥላል፣ ሌሊት በብርዱ ይቆማል። እንዲህ ሲመላለስ ሽሉ ይዳከምና ማሽን በገባ በጥቂት ቀናት ይሞታል። በ7ኛው ቀን በባትሪ ብርሃን ሲታይ ቀይ የደም ቀለበት ካለ፣ እንቁላሉ ፍሬያማ ነበር፣ ሽሉ ግን ሞቷል ማለት ነው፤ አውራ ዶሮውን አይቀይሩ፣ ማስቀመጫውን ይፈትሹ።